ማክሰኞ በሩን የከፈተው

ከሁለት አንዳችን ቀልባችንን ስተናል፤ ወይ እኔ ወይ ማሽኑ። አርብ ጠዋት ቢሮ ስገባ ነገሩ እዚህ ላይ ደርሶ ነበር። የትኛችን እንደሆንን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጣርቼ በጽሑፍ ማቅረብ ነበረብኝ። ማሽኑ ከሆነ ይባረራል። እኔ ከሆንኩ ግን፣ እሱን እንኳ ማሰብ አልፈለግኩም፤ ምን ቆርጦኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምሠራው የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ደም የምቀዳ እንዳይመስላችሁ፤ መርፌ ሳይ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ። የኔ ሥራ ኔትወርኩ ነው። ሠላሳ አንድ ጤና ጣቢያዎች ናሙና ይልኩልናል፣ እኛ ውጤቱን እንልክላቸዋለን። የስኳሩ፣ የጉበቱ፣ የእርግዝናው፣ ሰው ለትዳር ጓደኛው እንኳ ያልነገረው ምርመራ ሁሉ ክላውድ ላይ በተከራየናቸው ሰርቨሮች ውስጥ ይቀመጣል። ክላውድ ሲባል ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም፤ ሩቅ ቦታ፣ የሰው ሕንፃ ውስጥ ያለ የሰው ኮምፒውተር ነው። እዚያ ውስጥ ግን የኛ መንገዶች፣ የኛ አጥሮች፣ የኛ በሮች አሉ። የትኛው ኮምፒውተር ከየትኛው ጋር ይነጋገር፣ ከውጭ ማን ይግባ ማን ይቅር፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ቢሮ ውስጥ «ካርታው» የሚሉኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል ካረጀ ቆይቷል፤ ጥያቄ ያለው ሰው ሥዕሉን አያይም፣ እኔን ይጠይቃል።

ዶክተሯ፣ የላቦራቶሪው ሥራ አስኪያጅ ማለቴ ነው፣ ይኼ ነገር እንቅልፍ ይነሳታል። «ካርታው አንድ ቀን ጉንፋን ቢይዘው ምን ልንሆን ነው?» ትላለች። ስለዚህ ከሁለት ወር በፊት ኤጀንቱን አመጣችብኝ። አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። መሣሪያዎች ተሰጡት፤ አንዱ መሣሪያ መንገዶቹን ይዘረዝርለታል፣ አንዱ የጥበቃ ደንቦቹን ያነብለታል፣ ሌላው ደግሞ ማን መቼ ምን እንደቀየረ የክላውዱን መዝገብ ይገልጥለታል። ማየት እንጂ መንካት አይችልም፤ አንድ ደንብ መሰረዝ ቢያምረው እንኳ እጅ የለውም። በሰው አማርኛ ትጠይቀዋለህ፣ ሄዶ አይቶ በሰው አማርኛ ይመልስልሃል። «ጎብኚው» አልነው።

ጎብኚውን አልወደድኩትም፤ ምን እዋሻለሁ። በመጣ በሦስተኛው ሳምንት አፉን ሞልቶ «በሰባተኛው ሰፈር ውስጥ ጥበቃ የሌለው ሰርቨር አለ» አለን። ኔትወርካችንን በሰፈር ነው የከፈልነው፤ ያሉን ስድስት ሰፈሮች ናቸው። ሰባተኛ የሚባል ኖሮን አያውቅም። ለካስ መሣሪያውን መጠቀም ትቶ አንድ የድሮ ሰነድ አንብቦ ኖሯል የተናገረው። ያን ቀን የሳቅኩት ሳቅ። ሳምንቱን ሙሉ ባገኘሁት ሰው ላይ «ሰባተኛውን አያችሁት?» እያልኩ ሰው አሰለቸሁ።

እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ይኼው ጎብኚ በየቀኑ በሚያወጣው ዘገባ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? የምርመራ ውጤቶቹ መጠባበቂያ ቅጂ ያለበት ሰርቨር ከየትኛውም የዓለም ጥግ ለሚመጣ ሰው በሩ ክፍት ነው አለ። የተከፈተው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። የተከፈተው ደግሞ በኔ የመግቢያ መለያ ነው።

ቀጭኗ ዘገባው በተነበበበት የጠዋት ስብሰባ ላይ እንዳለች ላፕቶፗን ከፍታ በሩን ዘጋችው። ቀጭኗ ባልደረባዬ ናት፤ ኔትወርኩን የምንጠብቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። የገባ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ሦስት የማይታወቁ ኮምፒውተሮች አንኳኩተው፣ የይለፍ ቃል ሲጠየቁ ሄደዋል። ተመስገን ነው። ግን የስንት ሰው ምስጢር ሜዳ ላይ ተሰጥቶ አደረ። እኔ ብድግ ብዬ «ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ማክሰኞ ምንም በር አልከፈትኩም» አልኩ። ዶክተሯ አንዴ እኔን አንዴ ዘገባውን አየች። «እስከ አርብ ዘጠኝ ሰዓት አጣርተው በጽሑፍ ያምጡልኝ» አለችኝ። «ማሽኑ የሌለ ነገር የሚፈጥር ከሆነ ውሉን እናቋርጣለን። ካልሆነ ደግሞ እንነጋገራለን።» ያቺን «እንነጋገራለን» አልወደድኳትም።

ይኼን ሁሉ አጥርቼ አስታውሳለሁ። የዶክተሯን የሹራብ ቀለም ሳይቀር ልነግራችሁ እችላለሁ፤ አረንጓዴ ነበር።

አሁን ማስረጃዬን ስሙ። እኔና ቀጭኗ አንድ ልማድ አለን፤ ከኛ ሌላ የትም ቢሮ ያለ አይመስለኝም። ለሥራ ብሎ በር ለጊዜው የሚከፍት ሰው፣ ከወንበሩ ሳይነሳ «በር ከፍቻለሁ» ብሎ ይጮኻል። ሌላው «ሰምቻለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ኃላፊው የከፈተው ሰው ሳይሆን የሰማው ነው፤ ከሥራ መውጫ በፊት «ያ በርስ?» ብሎ ያስታውሳል። ልማዱን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ሐሳቡ ሥራው ላይ ነው፣ ይረሳል፤ ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ግን አይረሳም ብዬ ነው። ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ አንድም በር ክፍት አድሮ አያውቅም። እንግዲህ ማክሰኞ ከፍቼ ቢሆን ኖሮ እጮህ ነበር። ጮኼ ቢሆን ኖሮ ቀጭኗ ትሰማኝ ነበር። ሰምታኝ ቢሆን ኖሮ ታስታውሰኝ ነበር። አላስታወሰችኝም። ስለዚህ አልከፈትኩም። ይኼ ንጹህ ሒሳብ ነው።

አርብ ጠዋት ይኼን በወረቀት ላይ አሳምሬ ጻፍኩና፣ ምስክሬን ላጠናክር ወደ ቀጭኗ ዞርኩ። ቢሯችን ጠባብ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ መስኮቱ ሥር ቢዘጉትም የማይዘጋ አየር ማቀዝቀዣ፣ ከኋላችን ደግሞ ድሮ የራሳችን ሰርቨሮች የቆሙበት ባዶ ጥግ። ጥጉ አሁን የጃንጥላና የትርፍ ጫማ ማስቀመጫ ሆኗል።

«ልጄ» አልኳት፣ «ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። ወዲያው አልዞረችም።

«ጤና ጣቢያ ነበርኩ ጋሼ» አለች። «ራውተራቸው ተበላሽቶባቸው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው የዋልኩት።»

«እዚህ አልነበርሽም?»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ ይኼን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

አየችኝ። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «ነግሬዎታለሁ» አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ።

ደሜ ፈላ። ነግሬዎታለሁ ማለት ምን ማለት ነው? ቢነገረኝ አላውቅም? የዛሬ ልጆች ነገር እንዲህ ነው፤ በልባቸው ያሰቡትን የተናገሩት ይመስላቸዋል። ይኼንኑ ፊት ለፊት ነገርኳት። «ይሁን ጋሼ» ብላ ወደ ስክሪኗ ዞረች። ትከሻዋን ሰብስባ ተቀመጠች። አኩርፋለች አልኩ በሆዴ፤ ታኩርፍ።

ሒሳቤ ግን ተቀደደ። ቢሮው ባዶ ከነበረ፣ እኔ ብጮህም የሚሰማኝ የለም፤ የሚሰማኝ ከሌለ የሚያስታውሰኝ የለም። ይኼ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ደግሞ እኮ ባዶ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ለጃንጥላው «በር ከፍቻለሁ» ብዬ ጮኼ ይሆን? ጮኼስ ቢሆን፣ መልስ ሲጠፋ አልደነግጥም ነበር? ማክሰኞ ጠዋትን ለማስታወስ ሞከርኩ። ቢሮ ገባሁ፤ ኮቴን ሰቀልኩ። ከዚያ ምሳ ሰዓት ሆነ። በመካከሉ ያለው ሥራ ነው፤ ሥራ ሁሉ እንደ ሥራ ነው፣ ማን ይለየዋል።

ሁለተኛ ሐሳብ መጣልኝ። መለያዬን ሰው ሰርቆት ይሆናል። ግን መለያዬ ያለ ስልኬ አይከፈትም፤ ስገባ ሁሌ ስልኬ «አንተ ነህ?» ብሎ ይጠይቀኛል፣ አውራ ጣቴን አስቀምጬ ነኝ እላለሁ። ጎብኚውን ጠየቅሁት። «ማክሰኞ አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ በስልክ ማረጋገጫ ተገብቷል። ኮምፒውተሩ የእርስዎ ነው፤ አድራሻውም የቢሮው ነው» አለኝ። ስልኬን ለማንም አልሰጠሁም። አውራ ጣቴንም አላከራየሁም።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል። የክላውዱን ሰዓት ከስልኬ፣ ከእጅ ሰዓቴና ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየሁ። የግድግዳው አራት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል፤ እሱ ድሮም እንደዚያ ነው። ሌላው ሁሉ ልክ ነው።

አራተኛ፣ ማስታወሻው። በር ሲከፈት ደንቡ ላይ አጭር ማስታወሻ ይጻፋል፤ ለምን እንደተከፈተና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ። «ማክሰኞ በተከፈተው ላይ ምን ተጽፏል?» አልኩት። ጎብኚው አነበበልኝ፤ «ቅጂው እስኪያልቅ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥርቅም ይደረግ።»

ደንብ ላይ «ጥርቅም ይደረግ» ብሎ የሚጽፍ ከኔ ሌላ ሰው አላውቅም። ቀጭኗ «ይዘጋ» ብላ ነው የምትጽፈው፣ በዚያ ላይ ነጥብ እንኳ አታደርግም። ቶሎ ብዬ ራሴን አበረታሁ። ይኼ ማሽን አሥራ አራት ዓመት የጻፍኩትን ማስታወሻ ሁሉ አንብቧል። ሰባተኛ ሰፈር የፈጠረ፣ የኔን አነጋገር መፍጠር ያቅተዋል? አያቅተውም። እንዲያውም አሁን ያዝኩት አልኩ። ያዝኩት ስል ግን እጄ ላይ ምንም አልነበረም።

መላ ቅጡ ጠፋኝ። ወንበሬን ገፍቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩና መንገዱን ሳይ ቆየሁ። አንዲት ሴትዮ ታክሲ ለማስቆም እጇን አንስታ ነበር፤ ታክሲዎቹ ያልፏታል፣ እሷ እጇን አታወርድም። ከዚያ ብልሃቱ መጣልኝ። ውሸታም የሚያዘው እንዴት ነው? አንድ ጥያቄ ደጋግመህ ትጠይቀዋለህ። እውነት የያዘ ሰው ሁሌም አንድ ዓይነት ይመልሳል፤ የፈጠረ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ይዘባርቃል። ተመልሼ ተቀመጥኩና በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት መንገድ ጠየቅሁት። አንድ ዓይነት መለሰ። ሁለት ጊዜ ደግሞ አይበቃም። ዶክተሯና ቀጭኗም ጠይቀውት ይሆናል፣ የነሱን መልስ ከኔ ጋር ባስተያይ ይሻላል አልኩ።

«ስለዚህ በር እስከ ዛሬ የተጠየቅከውን ሁሉ፣ ከነመልስህ፣ ከነጠያቂው አውጣልኝ» አልኩት። እንዳያጭበረብረኝም የክላውዱን የራሱን መዝገብ በሌላ መስኮት ራሴ ከፈትኩ። ጎብኚው መሣሪያዎቹን የነካበት እያንዳንዱ ሰዓት፣ በማን ትእዛዝ እንደሆነ እዚያ ይጻፋል። መዝገቡ ላይ ጎብኚው መጻፍም መሰረዝም አይችልም። ይኼንን ያረጋገጥኩት እኔው ነኝ፤ መሣሪያዎቹ ሲሰጡት ቁልፉን የቆጠርኩለት እኔ ነኝ።

ዝርዝሩ መጣ። አሥራ አንድ ጥያቄ። አንዱ የቀጭኗ ነው፣ ረቡዕ ጠዋት። አንዱ የዶክተሯ ነው። ዘጠኙ የኔ ናቸው።

ቆጠርኩ። ዛሬ የጠየቅሁት አራት ነው፤ ስለ ስልኩ አንድ፣ ስለ ማስታወሻው አንድ፣ ለፈተና ሁለት። አምስቱ ከየት መጡ?

የመጀመሪያው ረቡዕ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። «ማክሰኞ በሩን የከፈተው ማን ነው? እንዳትቀባጥር» ይላል። ቀጥሎ ስለ ስልኩ ይጠይቃል። ቀጥሎ ስለ ማስታወሻው። ከዚያ ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ጥያቄ ያልሆነ ነገር ተጽፏል፤ «ልክ ነህ። እኔ ነኝ። አላስታውሰውም።»

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። «ማክሰኞ በሩን የከፈተው ማን ነው? ሰባተኛውን የፈጠርክ ነህና እንዳትቀባጥር።» እንደገና ስለ ስልኩ። መጨረሻው ላይ፣ «ልክ ነህ። ነገ ለቀጭኗ እነግራታለሁ።»

ነገ የተባለው ዛሬ ነው።

ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን አድርጌ ሰዓት በሰዓት አስተያየኋቸው። አንድ ናቸው። ለመናደድ ሞከርኩ፤ ንዴቱ እምቢ አለኝ። ሐሙስ ምን ሠራሁ? ምን በላሁ? ከማን ጋር ተነጋገርኩ? ዞሬ ጥጉን አየሁ። ጃንጥላዬ እንዲደርቅ ተዘርግቶ ተቀምጧል፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰማዩ ብራ ነው። ትናንት ዘንቦ ነበር ማለት ነው። ዘንቦብኝ ነበር ማለት ነው። ፈራሁ። ሰው ሆኜ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም፤ እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ምሳ ሰዓት አልፎ ቀጭኗ ተመልሳ ገብታ ነበር። «ልጄ» አልኳት። «ማክሰኞ የት ነበርሽ ብዬ ስጠይቅሽ፣ የዛሬው ስንተኛ ጊዜዬ ነው?»

ዞረች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ጠዋት አኩርፋለች ያልኩት ለካስ እያለቀሰች ነበር። «ሦስተኛ» አለች። «ረቡዕ ነገርኩዎት። ሐሙስ ስነግርዎት ተቆጡኝ፤ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ዛሬ ግን ፈራሁ ጋሼ። ምን ብዬ ልንገርዎት? ይኼን ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ስክሪኑን ወደሷ አዞርኩላት። ቆማ አነበበች፣ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑ ነው የተሳሳተው እንበል» አለች። «ዶክተሯ መዝገብ አታነብም። ሰባተኛውን ደግሞ ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ያምኑናል። ማሽኑ ይሂድ። እርስዎን እኔ እጠብቃለሁ። የሚከፍቱትን በር ሁሉ እየተከተልኩ እዘጋለሁ።»

ልዋሽ አልፈልግም፤ ፈለግኩ። በጣም ነው የፈለግኩት። ይህቺ ልጅ ከልቧ ነበር የምትናገረው፤ ዓመት ሁለት ዓመት ማንም ሳያውቅ ልታኖረኝ ትችል ነበር። ሥራዬ ይተርፍ ነበር። ሰው እንደበፊቱ ይጠይቀኛል፣ እኔም እመልሳለሁ፤ የመለስኩት ልክ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም። ጎብኚው ከሄደ በኋላ ደግሞ የሚያየኝ ዓይን የለም። እዚህ ላይ ስደርስ ነው ያመመኝ።

«የታመምሽ ቀንስ?» አልኳት።

«አልታመምም።»

«ማክሰኞ ጤና ጣቢያ እንደዋልሽው ቀንስ?»

ሠላሳ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው ደማቸውን የሰጡ ሰዎች አሉ፤ ምስጢራቸውን ለቀጭኗ ጉልበት ብቻ ልተወው? «የኔን መለያ ክፈቺና የመቀየር ፈቃዴን ቁረጪው» አልኳት። «አሁኑኑ፣ እያየሁሽ። ነገ ብልሽ እንደማይሆን አይተሻል።»

ሠራችው። ሦስት ጠቅታ ነው የፈጀው፤ አሥራ አራት ዓመት በሦስት ጠቅታ። እስኪ ብዬ ከኔ ኮምፒውተር አንዲት የማትጎዳ የመሞከሪያ በር ልከፍት ሞከርኩ። «ይኼን ለማድረግ ፈቃድ የለዎትም» አለኝ። ማየት ብቻ። ከጎብኚው ጋር እኩል ሆንን አልኳት፤ ለመቀለድ ነበር፣ አልሳቀችም። እኔም ሆድ ባሰኝ።

ጠዋት አሳምሬ የጻፍኩትን ወረቀት ቀደድኩና በሌላ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ «መሣሪያው ልክ ነው። ማክሰኞ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ አላስታውሰውም።» ወረቀቱን ለቀጭኗ ሰጠኋት። «ገብቼ ማሽኑ ውሸታም ነው ማለት ከጀመርኩ፣ አቋርጠሽ ይኼን አንብቢልኝ። እንዳታፍሪ» አልኳት።

እስከ ዶክተሯ ቢሮ ያለው ኮሪደር ረጅም አይደለም። በቀኝ በኩል ናሙና የሚያሽከረክሩት ማሽኖች ያጉረመርማሉ፤ በግራ በኩል ነጭ ገዋን የለበሱ ሰዎች ይገባሉ ይወጣሉ። ሁለቱን መስመር በሆዴ እየደጋገምኩ ሄድኩ፤ ቀጭኗ ትከተለኛለች። አንዱ የላቦራቶሪ ሠራተኛ «ካርታው፣ ሰባተኛውን አገኘኸው?» ብሎ ሳቀብኝ። ቀልዱን ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ እጄን አውለብልቤለት አለፍኩ።

ወረቀቱ አላስፈለገም። ቆሜ ተናገርኩት፤ አልጎደለም፣ አልተጨመረም። ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። የሥራ አስኪያጅ ፊቷ ጠፋና የሐኪም ፊቷ መጣ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«እሱን እኔን ነው የሚጠይቁኝ ዶክተር?» አልኳት። ሳልፈልግ ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች። ማሽኑ እንዲቆይ ተወሰነ። እኔም ምርመራ እስካደርግ ድረስ እንድቆይ፣ ቀጭኗ የማትፈርምበት ሥራ እንዳልሠራ ተወሰነ። በሩ ክፍት ስለማደሩ ታካሚዎቹ ይነገራቸው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «የኔ ሥራ ነው፣ እኔ አደርገዋለሁ» አለች። ስወጣ ቀጭኗ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

የቀረችው ባለቤቴ ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ይኼን በስልክ መስማት አይገባትም። ግን ትዝታው ቤት ድረስ አብሮኝ ስለመድረሱ ምን ዋስትና አለኝ? ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ደወልኩላት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ከኋላዋ ይሰማኛል።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ ተረጋግተሽ ስሚኝ» አልኳት።

መኪናው ቆመ። «እየሰማሁህ ነው» አለች።

«ማክሰኞ ቢሮ አንድ በር ከፍቼ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ። ረቡዕ ማታ ነገርከኝ። ትናንት ማታም ነገርከኝ። ነገ ለቢሮ ራሴ እነግራለሁ፣ እንዳትደውዪላቸው ብለህ አስምለኸኛል። ሐኪም ጋ ለሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ።» ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «ዛሬ ጠዋት ላስታውስህ ነበር። ፂምህን እየተላጨህ ታፏጫለህ፤ ደስ ብሎህ ነበር። አቃተኝ።»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። የምጠይቀው ብዙ ነበር፤ አንዱ ብቻ ወጣ።

«ስነግርሽ ምን ሆንሽ?»

«ሁለቱንም ጊዜ አለቀስኩ» አለች። «ያባበልከኝም አንተ ነህ።»

ወንበሯን ስታስጠጋ ሰማሁ።

«ዛሬ አላለቅስም» አለች። «በል ቀጥል፤ ንገረኝ።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።